የክፍል ጓደኞችን አስተያየትና የራስን ዕድገት መመዘን፦ ለጽሕፈት ተማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጽሕፈት ትምህርት ክፍል ውስጥ ተማሪው ድርሰቱን ከማስረከብ በተጨማሪ፣ የክፍል ጓደኞቹ በረቂቁ ላይ የሰጡትን አስተያየት እንዴት እንደተጠቀመበትና ጽሑፉ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያስረዳ፣ «ምልከታ» የሚባል አጭር ጽሑፍ እንዲያቀርብ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የምንይዘው በመጨረሻው ምሽት፣ ዋናው ድርሰት ካለቀ በኋላ በተረፈችው ጉልበት ስለሆነ፣ የሚወጣው ነገር «ጓደኞቼ የሰጡኝ አስተያየት በጣም ጠቅሞኛል፤ ወደፊትም ጠንክሬ እሠራለሁ» የሚል ገጽ ይሆናል። የባለቤቱን ስም ብንለውጠው ይህ ገጽ የማንኛውም ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንዲህ ጽፌ አስረክቤያለሁ፤ ከሁለቱም የተማርሁት ነገር አልነበረም።

ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ዕድገትን የሚያሳየው ተማሪው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ሳይሆን፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአስተያየቱ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲታይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ብዕር ከመነሣቱ በፊት ነው።

1. ረቂቆቹንና አስተያየቶቹን ያሰባስቡ

የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ አስተያየት የተጻፈበትን ቅጂና የመጨረሻውን ጽሑፍ ቀን ጽፈውባቸው ለየብቻ ያስቀምጡ። በኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ በአንዱ ፋይል ላይ እየደመሰሱ አይሂዱ፤ እያንዳንዱን ረቂቅ በአዲስ ስም ያስቀምጡ፤ የጠፋ ረቂቅ የጠፋ ማስረጃ ነውና። በቃል የተሰጠ አስተያየት በዚያው ቀን፣ በተቻለ መጠን በተናጋሪው ቃል፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይስፈር። ከሦስት ቀን በኋላ ከትውስታ የሚጻፍ አስተያየት ጓደኛዎ የተናገረው መሆኑ ቀርቶ እርስዎ የሰሙት የመሰለዎት ይሆናል።

2. ያንብቡ፤ ከዚያም አንድ ቀን ይተዉት

አስተያየቶቹን በመጀመሪያ ሲያነቡ ምንም ነገር አይጻፉ፣ ምንም አያርሙ። በማግሥቱ እንደገና ያንብቧቸው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ጓደኛዬ በረቂቄ ኅዳግ ላይ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» ብላ የጻፈችውን ባየሁበት ምሽት ምልከታዬን ጽፌ ነበር። በሳምንቱ ሳነበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙግት ሆኖ አገኘሁት፤ ጓደኛዬ በጥሞና እንዳላነበበች ለማስረዳት ሁለት አንቀጽ ፈጅቼ፣ እርሷ የጠፋችበትን ቦታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሼ አላየሁትም።

ይህ የአንድ ሰው ድክመት ብቻ አይደለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ስለ ግብረ መልስ ከተደረጉ ቀደምት ምርምሮች የተገኙ 607 የውጤት መለኪያዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን የሚያሻሽል ቢሆንም ከሢሶ በሚበልጡት ላይ ግን ሥራውን እንዳዳከመው አሳይተዋል። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ለጽሕፈት ተማሪ በቀጥታ የሚጠቅም ነው፦ የተቀባዩ ትኩረት ከሥራው ላይ ተነሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በሄደ መጠን የግብረ መልሱ ጥቅም ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ቀን መጠበቁ የሚያስፈልገው «ስለ እኔ ምን አሰበ?» የሚለው ጥያቄ እስኪበርድና «ስለ ሦስተኛው አንቀጽ ምን አለ?» የሚለው ቦታውን እስኪይዝ ነው። ምስጋናም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም፤ «ጎበዝ ነህ» የሚል አስተያየት ደስ ያሰኛል እንጂ ቀጣዩን ረቂቅ የሚያሻሽል ነገር የለበትም።

3. አስተያየቶቹን ይለዩ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ሳይሰስቱ ይቆዩ፤ በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው። አንድ ባዶ ወረቀት በአራት ዓምድ ከፍለው፣ እያንዳንዱን አስተያየት በሚነካው ነገር መሠረት ይመድቡ፦ ሐሳብን የሚመለከት፣ የአንቀጾችን አደረጃጀትና ቅደም ተከተል የሚመለከት፣ የዐረፍተ ነገርን አሰካክ የሚመለከት፣ እንዲሁም ፊደልንና ሥርዓተ ነጥብን የሚመለከት። «ሥራ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ አንዴ በ«ሥ» ሌላ ጊዜ በ«ስ» ተጽፏል የሚል አስተያየት አራተኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያውኑ ይታረማል፤ በምልከታዎ ውስጥ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ቦታ አይሰጠው።

አራተኛው ዓምድ ሞልቶ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባዶ ከቀሩ ይህም ራሱ አንድ ግኝት ነው። ናንሲ ሶመርስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው ጥናት 20 ተማሪ ጸሐፊዎችንና 20 ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎችን አነጻጽራ ነበር። ተማሪዎቹ ክለሳን በዋናነት ቃልን በቃል የመተካት ሥራ አድርገው ሲያዩት፣ ልምድ ያላቸው ግን ክለሳ ማለት የሐሳባቸውን ቅርጽ መፈለግና ጽሑፉን በአንባቢ ዓይን ማየት እንደሆነ ተናግረዋል። እርስ በርስ አስተያየት የምንሰጣጣ ተማሪዎችም የምንዘነጋው ይህንኑ ስለሆነ፣ የደረሰዎት አስተያየት ሁሉ የፊደልና የነጥብ ከሆነ፣ «የጽሑፌ ዋና ሐሳብ ምን ይመስልሃል? በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገረኝ» ብለው ጓደኛዎን እንደገና መጠየቅ ይገባል።

ከምደባው ቀጥሎ ሌላ ልዩነት ማውጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ አስተያየት አንባቢው በንባቡ መካከል የገጠመውን ይነግራል፤ ሌላው ደግሞ ምን መደረግ እንዳለበት ያዝዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ምንጊዜም ሊታመን የሚገባው ነው፤ ሰው «አልገባኝም» ሲል ገብቶሃል ብሎ መከራከር አይቻልምና። ሁለተኛው ግን የአንባቢው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሊመዘን ይችላል። በክፍል ውስጥ ስልክ ስለመጠቀም በጻፍሁት ድርሰት ውስጥ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነበር፦

«መምህሩ ተማሪውን ጠርቶ ስልኩን ሲጠይቀው ተናዶ ወጣ።»

አንደኛው ጓደኛዬ በኅዳጉ ላይ «መምህሩ ክፍሉን ጥሎ መውጣቱ ትክክል አይመስለኝም፤ ይህን ክፍል ብታወጣው ይሻላል» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ደግሞ «ተማሪው ከወጣ በኋላ ምን ተደረገ?» ስትል ጠየቀች። በጽሑፌ ውስጥ የወጣው ተማሪው ነበር። ሁለት ሰዎች አንዱን ዐረፍተ ነገር በሁለት መንገድ አንብበውታል ማለት ነው፤ ምክንያቱም በቋንቋችን ግሡ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሁለቱም ባለቤቶች ወንድ ነጠላ ሲሆኑ «ተናዶ ወጣ» ማንን እንደሚያመለክት ከግሡ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። የመጀመሪያው ጓደኛዬ ያዘዘው መፍትሔ፣ ማለትም ክፍሉን ማውጣት፣ ስሕተት ነበር፤ የገጠመው መደናገር ግን እውነት ነበር። ትእዛዙን ባልቀበልም መደናገሩን ተቀብዬ እንዲህ አረምሁት፦

«መምህሩ ተማሪውን ጠርቶ ስልኩን ጠየቀው። ተማሪው ተናደደ፤ መልስ ሳይሰጥም ከክፍሉ ወጣ።»

በምልከታዎ ውስጥ ሊገኝ የሚገባው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሁለት አንባቢዎች የተለያዩበትን ቦታ ካገኙ፣ ከተስማሙባቸው አሥር ቦታዎች ይልቅ በእርሱ ላይ ይቆዩ።

4. በእያንዳንዱ ላይ ውሳኔ ያስፍሩ

ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ «ተቀብያለሁ»፣ «በሌላ መንገድ አርሜያለሁ» ወይም «አልተቀበልሁም» ብለው ይጻፉና ምክንያቱን በአንድ መስመር ያክሉ። አለመቀበል ነውር አይደለም። ሁሉንም አስተያየት ተቀብሎ ያረመ ተማሪ ታዛዥ ሊባል ይችላል እንጂ በጽሑፉ ላይ አስቦበታል ለማለት ማስረጃ የለም። ሆኖም «አልተቀበልሁም» የሚለው ውሳኔ ከሌሎቹ የበለጠ ማስረጃ ይፈልጋል፦ አንባቢው ምን እንዳለ፣ ጽሑፉ ለማን እንደተጻፈና ለውጡ ቢደረግ ምን ይጎዳ እንደነበር መገለጽ አለበት። «የእኔ አጻጻፍ ስልት ነው» የሚለው ብቻውን ምክንያት ሆኖ አይቆምም። ሦስት አንባቢዎች በአንድ ቦታ ላይ ተሰናክለው ሳለ ያንን ቦታ ሳይነኩ የሚያልፉ ከሆነም ምክንያትዎ በእርግጥ ከባድ መሆን አለበት።

5. ሁለት ወይም ሦስት ለውጦችን ብቻ መርጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ሁሉንም ለውጥ ለመዘርዘር መሞከር ምልከታውን ወደ ሒሳብ መዝገብ ይለውጠዋል። ከዓምዶችዎ ውስጥ በጣም ያስቸገረዎትን፣ ወይም ስለ አጻጻፍዎ አዲስ ነገር ያስተማረዎትን ይምረጡ። ለእያንዳንዱም አራት ነገሮች ይሟሉ፦ የቀድሞው ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ የተሰጠው አስተያየት ቃል በቃል፣ የታረመው ዐረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም ለውጡ ለአንባቢው ምን እንዳስገኘ የሚያስረዳ የራስዎ ትንታኔ። የመጨረሻው ከሁሉም ረዘም ማለት አለበት።

ከዚያው ድርሰቴ ሌላ ምሳሌ ላምጣ። መግቢያዬ የሚጀምረው «ስልክ በአሁኑ ዘመን ለሰው ልጅ እጅግ በጣም ጠቃሚ ነገር ቢሆንም ጉዳትም አለው» በማለት ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ከሥሩ አስምራ «ይህን ባወጣው ከድርሰትህ ምን ይጎድላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አስቸገረኝ፤ ምንም የሚጎድል ነገር አላገኘሁምና። ያን ዐረፍተ ነገር የጻፍሁት መግቢያ ከሰፊው ወደ ጠባቡ መምጣት አለበት የሚለውን ትምህርት በዘልማድ ይዤ ስለነበር እንጂ የምለው ኖሮኝ እንዳልነበረ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። በእርሱ ቦታ ይህን ተካሁ፦ «ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልክ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ በሦስተኛው ላይ መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ።»

ስለዚህ ለውጥ ስጽፍ «መግቢያዬ ሳቢ ሆነ» ብዬ ላልፈው እችል ነበር። የጻፍሁት ግን የቀድሞው ዐረፍተ ነገር ማንም ሰው የማይክደው በመሆኑ አንባቢውን ወደ ክርክር እንደማያስገባው፣ አዲሱ ግን ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ትምህርቱ መቆሙን በማሳየት ዋና ሐሳቤን፣ ማለትም የአንዱ ስልክ የሁሉንም ጊዜ እንደሚወስድ፣ ገና ሳልናገረው እንደሚያስጀምረው ነው። ከዚህም ተነሥቼ የሌሎች አንቀጾቼን ኃይለ ቃሎች፣ ማለትም የየአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዙትን ዐረፍተ ነገሮች፣ በዚያው ጥያቄ ፈተንኋቸው፤ ሁለቱ ወደቁ። አንድ አስተያየት ከተሰጠበት ቦታ አልፎ ሌላ ቦታ ላይ ሲሠራ ካሳዩ፣ ስለ ዕድገትዎ ጠንካራ ማስረጃ አቅርበዋል።

6. እርስዎ የሰጡትን አስተያየትም ይመርምሩ

ይህ ክፍል በአብዛኞቹ የምልከታ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ መቅረቱም ያሳዝናል። ክሪስቲ ሉንድስትሮምና ዌንዲ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በሚማሩ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሌሎች ጽሑፍ ላይ አስተያየት መስጠትን ብቻ የተለማመዱት ተማሪዎች፣ አስተያየት ተቀብሎ ማረምን ብቻ ከተለማመዱት ይልቅ በራሳቸው ጽሑፍ ላይ የበለጠ መሻሻል አሳይተዋል፤ ልዩነቱም ጎልቶ የታየው በዝቅተኛ የቋንቋ ደረጃ ላይ በነበሩት ዘንድ ነው። በሌላ ሰው ረቂቅ ላይ ሲሠሩ ጽሑፉ የደከመበትን ቦታ መፈለግ፣ ምክንያቱን ማወቅና በቃላት መግለጽ ግዴታ ስለሚሆን፣ ይኸው ችሎታ ወደ ራስ ረቂቅም ይሻገራል።

ስለሆነም ለጓደኞችዎ የሰጧቸውን አስተያየቶች ቅጂ ይያዙ። በትምህርቱ መጀመሪያ የሰጡትንና በቅርቡ የሰጡትን አጠገብ ለአጠገብ ያንብቡ። የመጀመሪያው «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ይስተካከል» የሚል ሆኖ የኋለኛው «ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ዋጋ ጀምሮ በጥራት ጨረሰ፤ የትኛው ነው ኃይለ ቃሉ?» የሚል ከሆነ፣ ንባብዎ እንደተሳለ የሚያሳይ ነገር በእጅዎ ይዘዋል። በሌላው ጽሑፍ ላይ ያመለከቱት ጉድለት በራስዎ ረቂቅ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ፈትሸው ያገኙትን በግልጽ ይጻፉ።

7. ጽሑፉን ያዋቅሩ

ለምልከታ ጽሑፍ ከሚመከሩት ቅርጾች ሁለቱ በስፋት ይታወቃሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ቴሪ ቦርተን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ያቀረባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምን ሆነ? ምን ትርጉም አለው? አሁንስ ምን ይደረግ? ሌላው ግራሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት ሲሆን፣ ድርጊቱን መግለጽ፣ ስሜትን መግለጽ፣ መልካሙንና ክፉውን መመዘን፣ መተንተን፣ ድምዳሜ ላይ መድረስና የድርጊት ዕቅድ ማውጣት የሚሉትን ይዟል። መምህርዎ አንዱን ካልወሰኑ፣ ለአጭር ጽሑፍ የቦርተን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ ባይ ነኝ፤ ስድስቱን ደረጃዎች በአንድ ገጽ ውስጥ ለማካተት የሚሞክር ተማሪ እያንዳንዱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነካ እያደረገ ማለፉ አይቀርምና።

መጠኑን በሚመለከት፣ 500 ቃላት ከተፈቀዱ ወደ 100 የሚሆኑት ለሆነው ነገር፣ ወደ 280 የሚሆኑት ለትርጉሙ፣ ቀሪዎቹ ለቀጣዩ ሥራ ቢውሉ ይመከራል። የተለመደው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ሲተረክ ቆይቶ ለትርጉሙ ሦስት መስመር ይቀራል።

8. ዕድገትን በሚቆጠርና በሚታይ ነገር ይለኩ

የመጀመሪያውንና የቅርቡን ድርሰትዎን አውጥተው የሚከተሉትን ይፈትሹ። ከሁለቱም አንድ አንድ ገጽ ወስደው ከአንዱ አራት ነጥብ (።) እስከ ቀጣዩ ያሉትን ቃላት ይቁጠሩ፤ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተቀምጦ፣ ሰምቶ» እያለ የሚጓተት ዐረፍተ ነገር የበዛው በየትኛው ነው? የየአንቀጹን ኃይለ ቃል ብቻ ነቅሰው በተከታታይ ያንብቡ፤ የድርሰቱ ሐሳብ ከእነርሱ ብቻ ይጨበጣልን? ሁለቱንም ድርሰቶች ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ምላስዎ የተሰናከለበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት።

የአስተያየቶቹን ዓይነትም ያነጻጽሩ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ድርሰት ላይ ከደረሱ 12 አስተያየቶች 8ቱ «ግልጽ አይደለም» የሚሉ ሆነው፣ በአራተኛው ላይ ከደረሱት 12ቱ 7ቱ «እዚህ ላይ አልስማማም» የሚሉ ቢሆኑ፣ የአስተያየቱ ቁጥር ባይቀንስም ትልቅ ለውጥ አለ፤ አንባቢው ሊከራከርዎት የቻለው ሐሳብዎ ስለገባው ነው። የአስተያየት መብዛትን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ተማሪ ይህን ሳያየው ያልፋል።

ዕድገት ቀጥ ያለ መስመር እንዳልሆነም መቀበል ያስፈልጋል። ትረካ ሲጽፍ ጥርት ያለ ቋንቋ የነበረው ተማሪ ወደ ክርክር ድርሰት ሲሸጋገር ዐረፍተ ነገሮቹ መልሰው ሊወሳሰቡ ይችላሉ፤ አዲሱ የሐሳብ ሸክም ትኩረቱን ስለሚሻማው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት አይደብቁት። «በሦስተኛው ድርሰት ላይ የዐረፍተ ነገር ስሕተቴ ጨምሯል፤ የጨመረውም ተቃራኒ ሐሳብን ለማስተናገድ በሞከርሁባቸው ሁለት አንቀጾች ውስጥ ነው» ብሎ መጻፍ፣ «በየጊዜው እየተሻሻልሁ መጥቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ለመምህሩም ለተማሪውም ይጠቅማል።

9. አንድ ግብ ብቻ ይያዙ

«የተሻለ ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ» ግብ አይሆንም፤ መቼ እንደተሳካ የሚታወቅበት ምልክት የለውምና። «በቀጣዩ ድርሰት ሁለት ባለቤቶች በሚገናኙበት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ማን ምን እንዳደረገ ለጓደኛዬ ሳላብራራ የሚታወቅ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው ግን በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ተፈትሾ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሊባልበት ይችላል። ግቡ ከዓምዶችዎ ውስጥ በተደጋጋሚ ከታየው ጉድለት ቢመነጭ ይመረጣል።

10. ከማስረከብዎ በፊት

የጓደኞችዎን ስም በጽሑፉ ውስጥ ለመጥቀስ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ካልሆነ «አንደኛው አንባቢ»፣ «ሁለተኛዋ አንባቢ» ማለት ይበቃል። ቃላቸውን ሲጠቅሱ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሳይለውጡ ያስገቡ። «በጣም»፣ «እጅግ» እና «ጥሩ» የሚሉትን ቃላት እየፈለጉ፣ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ማስረጃ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ወይ ማስረጃውን ይጨምሩ ወይ ቃሉን ያውጡ። ረቂቆቹን በቅደም ተከተላቸው አያይዘው ያስረክቡ። በዘጠነኛው ደረጃ ያስቀመጡትን ግብ ግን ለራስዎ ይገልብጡትና በቀጣዩ ድርሰት የመጀመሪያ ረቂቅ አናት ላይ ይጻፉት፤ ያን ረቂቅ የሚያነብልዎት ጓደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን ነገር እንዲፈትሽልዎት እንደሚፈልጉ ከዚያ ያውቃል።